«ቤታቸው የት ነው?» እና ሌሎች ስለ ካውቦይ ፊልም የደረሱኝ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ድሮዎቹ ዌስተርን ፊልሞች ግማሽ ገጽ የማትሞላ ነገር ጣል አርጌ ነበር፣ ሁለት ሶስት የኔ ቢጤ ሽማግሌ አንብቦ ያልፋታል ብዬ ነው እንጂ እንዲህ ሜሴጅ ይዘንብብኛል ብዬ መች አሰብኩ። ከደረሱኝ ውስጥ አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እንላቸዋለን። ዓመተ ምህረቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ ዓምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር ፊልም እናያለን። የአሁኖቹን ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ማየት አልቻልኩም፣ ስድብ ነው፣ ልብስ ማውለቅ ነው፣ ሪሞት ጨብጬ ተወጥሬ ነው የማመሸው፣ ስለዚህ ወደ ድሮዎቹ ዞርኩ፣ እነዚያ በሸራ ጋሪ ሜዳውን አቋርጠው ሄደው ቤት የሚሠሩ ቤተሰቦች ያሉባቸው። በጣም ወደድናቸው። አባትየው ቃሉን አያጥፍም፣ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ሰው ሁሉ ወጥቶ ይሠራለታል፣ ሳይጸለይ አይበላም። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሰፋሪዎቹ ጋሪያቸውን ክብ ሠርተው ሲዋጉ የ9 ዓመቷ ልጄ «እማዬ፣ እነዚያ በፈረስ የሚዞሩት ሰዎች ቤታቸው የት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወንድሜ «ፊልም ነው እኮ፣ ፖለቲካ አታስገቡበት» ብሎ ተቆጣ። ላቁም ወይስ ላሳያቸው?

መልስ፦ እህቴ አታቁሚ። ልጅሽ ግን ስንት ሃያሲ ዓመት ሙሉ የሚዞርበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳዋለች፣ እሷን ነው ለዚህ ዓምድ መቅጠር የነበረባቸው።

መጀመሪያ የወደድሽው ነገር ውሸት አይደለም። አሜሪካ 1862 ላይ ሊንከን የፈረመው የመሬት ሕግ አለ፣ ሰውየው 160 ኤከር (ወደ 65 ሄክታር) ይወስዳል፣ 5 ዓመት ኖሮበት ካረሰው የራሱ ይሆናል። እስቲ አስቢው፣ ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ቤተሰብ፣ ዛፍ እንኳ ስለሌለ ሳር የበቀለበትን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጡ ነው ቤት የሚሠሩት፣ ዳኛም ፖሊስም ሐኪምም ሩቅ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጎረቤትሽ ካልረዳሽ ክረምቱን አታልፊም፣ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ደግሞ ሁለተኛ ማንም አያበድረውም። ስለዚህ መረዳዳቱም ቃል መጠበቁም ለጌጥ የተለጠፈ ስብከት ሳይሆን መኖሪያቸው ነበር። ይሄን ፊልሞቹ በደንብ ያሳያሉ፣ እኔም እስካሁን የምወዳቸው ለዚሁ ነው፣ አላፍርበትም።

ችግሩ መሬቱ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሜዳው ባዶ ነው፣ ነፋስ ብቻ፣ ከዚያ ጋሪው ይመጣል። እኛም እኮ እነዚህን ሰዎች በአማርኛ «አቅኚዎች» ነው የምንላቸው፣ ማቅናት ደግሞ የጎበጠን ማስተካከል ነው፣ ቃሉ ራሱ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት አገሩ ጎባጣ ነበር ብሎ ፈርዶ ነው የሚጀምረው። «ቀይ ሕንድ» የምንለውም ያው ነው፣ ኮሎምበስ ሕንድ የደረሰ መስሎት የተሳሳተውን ስህተት እኛ እስካሁን ተሸክመንለት እንዞራለን። ላኮታ ነው፣ ኮማንቼ ነው፣ ናቫሆ ነው፣ ሼየን ነው፣ እያንዳንዱ ስም አለው ቋንቋ አለው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል አይደል፣ ፊልሙ ግን ከመናቅም አልፎ ባለቤቱን ጨርሶ ደምስሶት ነው አጥሩ ጋ የሚደርሰው።

ቃል መጠበቅ ካነሳን አይቀር አንዱን ልንገርሽ። 1868 ላይ የአሜሪካ መንግሥት ፎርት ላራሚ በሚባል ቦታ ከላኮታዎችና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ውል ፈረመ፣ ብላክ ሂልስ የሚባለው ተራራማ አገር የእናንተ ነው ተባሉ። በ1874 እዚያ ወርቅ ተገኘ። 1877 ላይ መሬቱ ተወሰደ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1980 ካሳ ይገባቸዋል ብሎ ወሰነላቸው፣ ላኮታዎቹ ግን ገንዘቡን አንቀበልም መሬታችንን ነው የምንፈልገው ብለው እስከ ዛሬ አልነኩትም። ያ ፊልም ላይ ልጆችሽ የወደዱት አባት፣ ቃሉን ከሚያጥፍ የሚሞተው ሰውዬ፣ ይሄን ቢሰማ ምን የሚል ይመስልሻል?

አሁን ወደዚያ ክብ እንመለስ፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር እዚያ ውስጥ አለ። ሲኑን ድጋሚ ክፈችውና ቀስ ብለሽ እይው። ሰዎቹ ኮረብታው ላይ ከመታየታቸው በፊት ሙዚቃው ይለወጣል፣ ከበሮ ይጀምራል፣ ማለትም ፊታቸውን ሳናይ ፍሩ ተብለናል። ከዚያ ብቅ ይላሉ፣ በመስመር፣ ሁሉም ወንድ፣ አንድም ሽማግሌ አንድም ሕጻን የለም፣ ስም የላቸውም፣ ቢናገሩም አይተረጎምም። ከክቡ ውስጥ ግን እናትየው ጠመንጃ ስታጎርስ እጇ ሲንቀጠቀጥ በቅርበት እናያለን፣ ትንሿ ልጅ ጋሪው ስር አሻንጉሊቷን አቅፋለች፣ የአሻንጉሊቷን ስም ሳይቀር እናውቃለን። ከፈረስ የሚወድቀው ሰውዬ ጋ ግን ካሜራው ተመልሶ አይሄድም። ወደቀ አለቀ። እናት አለችው ወይ፣ ማታ የሚጠብቀው አለ ወይ፣ ያ የልጅሽ ጥያቄ ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም እኮ፣ ካሜራውን ክቡ ውስጥ መትከል ብቻ በቂ ነው። ወንድምሽ ፖለቲካ አታስገቡ ያለው እንግዲህ ዘግይቷል፣ ካሜራው ሲተከል አብሮ ገብቷል።

የሚገርመው ደግሞ ሲኑ የመጣው ከሜዳው ሳይሆን ከሰርከስ ነው ማለት ይቻላል። ቡፋሎ ቢል የሚባለው ሰውዬ ከ1883 ጀምሮ ትልቅ የፈረስ ትርዒት ይዞ ይዞር ነበር፣ የሰፋሪ ጎጆ ሲጠቃ፣ የመንገደኛ ሠረገላ ሲጠቃ፣ ተመልካቹ በእነዚህ ነበር የሚያብደው፣ ሲኒማ ሲመጣ ዝግጁ ሆኖ የጠበቀውን ተረከበ። እውነተኛው መንገድ ሌላ ነበር። ከሚዙሪ እስከ ኦሪገን ያለው ጉዞ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አምስት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ሰውን የሚጨርሰው ደግሞ ኮሌራ ነበር፣ ወንዝ ሲሻገሩ መስጠም ነበር፣ ጋሪ ስር መግባትና በራስ ጠመንጃ መመታት ነበር። ጆን አንሩ የሚባል የታሪክ ምሁር ከ1840 እስከ 1860 ያለውን መዝገብ ሰብስቦ ቆጥሮ በነባሮቹ የተገደሉ ተጓዦች 362፣ በተጓዦች የተገደሉ ነባሮች 426 ብሎ ነው የጻፈው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ መቶ ሺ ሰው መሀል። አብዛኛውን ጊዜማ ሲገናኙ ይነግዱ ነበር፣ ተጓዦቹን መንገድ የሚመሩትና ወንዝ የሚያሻግሩት ነባሮቹ ነበሩ። ጋሪው ማታ ማታ ክብ የሚሠራውም በዋናነት ከብቱ እንዳይበተን ነው፣ በረት ነው በቃ።

ማን ተወነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ዝነኛው የዌስተርን ዳይሬክተር ጆን ፎርድ ከ1939 ጀምሮ ፊልሞቹን የሚቀርጽበት ያ ቀይ አለት እንደ ግንብ የቆመበት ሞኑመንት ቫሊ የናቫሆዎች መሬት ነው፣ ስለዚህ ጀርባ ላይ የሚታዩት ፈረሰኞች ናቫሆዎች ናቸው፣ አንዱ ፊልም ላይ አፓቼ ይባላሉ፣ ሌላው ላይ ኮማንቼ፣ ሌላው ላይ ሼየን። የሚናገሩት ያው ናቫሆኛ ነው፣ ማን ያውቅብናል ብለው አንዳንዴ ድርሰቱን ትተው የፈለጉትን ይሉ ነበር፣ ተመልካቹ በፍርሃት ሲቀመጥ ናቫሆኛ የሚሰማው ደግሞ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔ ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል ልክ አይደለም ብትሉኝም። ዋናውን ሚና ግን አያገኙም። በ1956ቱ «ዘ ሰርቸርስ» የኮማንቼውን አለቃ የሠራው ሄንሪ ብራንደን በርሊን የተወለደ ሰው ነው። ፎርድ በኋላ 1964 ላይ የሼየኖችን መከራ ከነሱ ወገን ሆኜ ላሳይ ብሎ ሠራ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዋና ዋናዎቹን ሼየኖች ግን ለሜክሲኮ ተዋንያንና ለአንድ ጣሊያን አሜሪካዊ ሰጣቸው።

ስለ ጨዋነታቸው ደግሞ አንድ ነገር። የድሮ ፊልም ንጹህ የሆነው የድሮ ሰው ንጹህ ስለነበረ እንዳይመስልሽ። ከ1934 እስከ 1968 ሆሊውድ «የሄይስ ኮድ» የሚባል ደንብ ነበረው፣ ትዳር አይነቀፍ፣ ቄስ መሳለቂያ አይሁን፣ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልሙ አይለቅ ይላል። አንቺን ያሳረፈሽ እሱ ነው። ያው ደንብ ግን እዚያው ገጹ ላይ በጥቁርና በነጭ መሀል ፍቅር ማሳየት ክልክል ነው ይላል። ቤተሰብን የሚጠብቀው እጅና ማን ቤተሰብ መሆን እንደማይችል የሚወስነው እጅ አንድ ነው፣ እኔ እሱን ካወቅኩ ወዲህ «የድሮ እሴት» የሚለውን ቃል እንደ ድሮው ዝም ብዬ መዋጥ አልቻልኩም። መረዳዳቱን እወስዳለሁ፣ ሌላውን ግን እመልሳለሁ።

ለልጅሽ እንግዲህ እንዲህ በያት፣ ቤታቸው እዚያው ነው፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ካሜራው ስላልሄደ ነው ያላየነው። ቀጥሎ ስታዩ እነሱ ማን ይባላሉ ብላችሁ ፈልጉ፣ ካርታ ላይ አሳያት፣ ጨዋታ ይሆንላታል፣ ፊልሙንም አያበላሽባትም። ከኮረብታው ጀርባ የሄደ ፊልም ከፈለግሽ የ1990ው «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» አለ፣ ላኮታዎቹ ያገቡ የወለዱ የሚቀልዱ ሰዎች ናቸው፣ በላኮታኛ ነው የሚያወሩት፣ 7 ኦስካር ወስዷል፣ ያም ሆኖ ታሪኩን የሚነግረን አሁንም ነጩ ወታደር ነው። ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ያዘጋጁትን ከፈለግሽ 1998 ላይ የወጣው «ስሞክ ሲግናልስ» አለ፣ ዘመኑ የአሁን ነው፣ ፈረስና ቀስት የለበትም፣ ሁለት ጎረምሶች አውቶብስ ላይ ሆነው ካውቦይ ፊልም ላይ ሲያሾፉ ታያለሽ። ሁለቱም ግን ለ9 ዓመት ልጅ ገና ናቸው፣ ቀድመሽ ብቻሽን እያቸው።

ጥያቄ፦ አቦ ጋሽዬ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አሁን የሚወጡ ዌስተርኖች ላይ ጥቁር ካውቦይ ጥቁር ሸሪፍ እየሰገሰጉ አይደል፣ እኔ ራሴ ጥቁር ሆኜ እንኳን አልዋጥልህ አለኝ፣ ለይስሙላ ታሪክ እየቀየሩ አይመስልህም?

መልስ፦ ታሪኩ የተቀየረውስ ድሮ ነው ወንድሜ፣ አሁን ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከቴክሳስ ወደ ሰሜን ከብት ሲነዱ ከነበሩት ውስጥ ብዙ የታሪክ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ጥቁር ነበር ብለው ነው የሚገምቱት። ሥራው እኮ አቧራ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ኮርቻ ላይ ማደር ነው፣ ማን እንደሚቀጠርበት አስበው። ሙያው ራሱ ከሜክሲኮ ከብት ነጂዎች ነው የተወረሰው፣ ላሶ፣ ራንች፣ ሮዲዮ የምትላቸው ሁሉ የስፓኒሽ ቃላት ናቸው፣ ሜክሲኮዎቹ ግን ፊልሙ ላይ ወይ ሽፍታ ወይ ሰካራም ሆነው ቀሩ። ቻይናዎቹንም አትርሳ፣ በ1869 አገሪቱን ከዳር ዳር ያገናኘውን ባቡር የምዕራቡን ክፍል የቆፈሩት በአብዛኛው እነሱ ናቸው፣ ሐዲዱ የተገናኘ ቀን የተነሳውን ያን ዝነኛ ፎቶ ብታየው ግን ፈልገህ አታገኛቸውም ማለት ይቻላል። ከ13 ዓመት በኋላ ደግሞ ቻይናዊ ሠራተኛ አገር እንዳይገባ ሕግ ወጣ።

ሸሪፍ ካልክ ባስ ሪቭስን ልጥራልህ። 1838 ላይ በባርነት ተወለደ፣ በ1875 የፌዴራል መንግሥቱ ምክትል ማርሻል ሆነ፣ ሦስት አሥርት ዓመት አካባቢ ሲሠራ ከ3,000 በላይ ሰው ይዟል ይባላል። የገዛ ልጁ ሚስቱን ገድሎ ሲሸሽ የእስር ማዘዣውን ሌላ ሰው ይውሰደው ሲባል እምቢ ብሎ ራሱ ሄዶ ይዞ አመጣው። እስቲ ንገረኝ፣ ለዌስተርን ፊልም ከዚህ የበለጠ ምን ታሪክ ትፈልጋለህ? ሕግ፣ ቃል፣ ቤተሰብ፣ ሁሉም አንድ ሰው ላይ ተጋጭተው። ሆሊውድ ይሄን አጠገቡ አስቀምጦ ስንት የፈጠራ ሸሪፍ ሲያመርት ኖረ።

አንድ ነገር ላይ ግን እስማማልሃለሁ። አንዳንዱ ፊልም ጥቁሩን ባርኔጣ አድርጎ ፈረስ ላይ አውጥቶ እዚያው ይተወዋል፣ ከየት መጣ፣ ነጻ የወጣው መቼ ነው፣ ማታ ሳሉኑ (መጠጥ ቤቱ) ውስጥ ያስገቡታል ወይ፣ ምንም የለም። ያ ነው የማይዋጠው፣ መኖሩ አይደለም።

ጥያቄ፦ እነዚያ ፊልሞች ላይ ሴቶቹ ወይ ዳቦ ይጋግራሉ ወይ ያለቅሳሉ። እውነትም እንደዛ ነበር?

መልስ፦ ዳቦውንስ ጋግረዋል እህቴ፣ ግን በምን እንደጋገሩ ፊልሙ አያሳይም። ሜዳው ላይ እንጨት ስለሌለ የደረቀ የጎሽ ኩበት ነበር የሚያነዱት፣ ሴቶቹና ልጆቹ ከጋሪው ጎን እየሄዱ በሽርጣቸው ሲለቅሙ ነው የሚውሉት። ያች ነጭ ቀሚሷ ሳይቆሽሽ ጋሪ ላይ ተቀምጣ ኦሪገን የምትደርሰው ቆንጆ የስቱዲዮ ሥራ ናት። ደግሞ ያ የ1862ቱ ሕግ ባል የሌላት ሴት 21 ዓመት ከሞላት በስሟ መሬት እንድትወስድ ይፈቅድ ነበር፣ ወስደው ብቻቸውን ያረሱ አሉ። ዋዮሚንግ የምትባለው የምዕራብ አገር ገና ሙሉ ስቴት ሳትሆን 1869 ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጥታለች፣ አሜሪካ በሙሉ እስኪሰጥ ድረስ ከዚያ በኋላ 51 ዓመት ፈጅቷል።

አንድ ፊልም ልጠቁምሽ፣ ዳይሬክተሯ ኬሊ ራይካርድት የሠራችው «ሚክስ ከትኦፍ»፣ 2010። መንገድ የጠፋባቸው ሰፋሪዎች ናቸው። ወንዶቹ ራቅ ብለው ቆመው የት እንሂድ ሲባባሉ ካሜራው ከሴቶቹ ጋር ይቀራል፣ የሚሉት አይሰማንም፣ ማጉረምረም ብቻ ነው፣ ሴቶቹም ሥራቸውን እየሠሩ ጆሯቸውን አቁመው ሕይወታቸው ሲወሰን ይጠብቃሉ። ቀርፋፋ ፊልም ነው አልዋሽሽም፣ አክሽን ፈልገሽ ከከፈትሽው ትተኛለሽ።

ጥያቄ፦ ጋሼ በአጭሩ። እነዚያን የሸራ ጋሪዎች የሚጎትተው ፈረስ ነው በሬ? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። እኔ ፈረስ ብያለሁ።

መልስ፦ ተበልተሃል። በብዛት በሬ ነው፣ በቅሎም ነበረ። ፈረስ ካልቀለብከው ያን ሁሉ መንገድ አይችልም፣ በሬው ግን ያገኘውን ሳር ግጦ ይጎትታል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሰዓት ቢሄድ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፣ ነጂው እንኳ እንደ ፊልሙ ልጓም ይዞ ላይ አይቀመጥም፣ ከጎን ከጎኑ በእግሩ እየሄደ ነው የሚነዳው። ፊልም ላይ ፈረስ የሚያደርጉት በሬ እየነዱ ማምለጥ ስለማይቻል ነው። ጓደኛህ በቅሎ ብሎ ከሆነ ግን ሁለታችሁም ሂሳቡን ተካፈሉ።